የደረስጌ ዘውድ

ሰውን ከፍ የሚያደርገው ማን ነው? ከፍ ማለቱስ ስለ ምን ይመሰክራል? ይህን ለመመርመር፣ ከ4,500 ሜትር በላይ የሚወጣው ራስ ደጀን ለቆመባት ለበየዳ ጎረቤት ከሆነችው ከጃናሞራ፣ ከደረስጌ ማርያም የሚሻል ስፍራ አላውቅም።

የስሜንና የትግሬ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ይህችን ቤተ ክርስቲያን ሲያሠሩ በውስጧ ቅብዐ መንግሥት ሊቀበሉ አስበው ነበር፤ ንጉሥ የሚቀባ ጳጳስ እንዳይታጣም ብዙ ገንዘብ አውጥተው አቡነ ሰላማን በ1834 ዓ.ም. ከግብጽ አስመጡ። ነገር ግን በየካቲት 1847 ዓ.ም. በዚያው በደረስጌ ድል ሆነው ተማረኩና፣ እርሳቸው ባሠሩት መቅደስ፣ እርሳቸው ባስመጡት ጳጳስ እጅ፣ የካቲት 5 ቀን የተቀቡት ድል ያደረጓቸው የቋራው ካሣ ሆኑ፤ ስመ መንግሥታቸውም ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተባለ።

ጠላቶቻቸው በእናታቸው ድህነት ይሰድቧቸው የነበሩ ሰው በእመቤታችን ስም በተሰየመ መቅደስ ዘውድ ሲደፉ ያየ ካህን፣ በሉቃስ ወንጌል የተጻፈው፣ ስለ ኃያላን መውረድና ስለ ትሑታን መክበር የሚናገረው ጸሎቷ ዛሬ ተፈጸመ ቢል የሚፈረድበት አልነበረም። እኔ ግን ድህነትና ትሕትና አንድ ናቸው ብዬ አላምንም፤ በድህነት የተወለደ ሰው ዘውድ በደፋ ጊዜ ድህነቱ ይቀራል፣ ትሕትናው ግን ገና መፈተን ይጀምራል። ወታደር በደመወዙ እንዲኖርና ገበሬውን እንዳይዘርፍ የደከሙት ንጉሥ፣ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ከነአብያተ ክርስቲያናቷ ዘርፈው አቃጠሉ፤ የቀቧቸው አቡነ ሰላማም በመቅደላ እስር ቤት ዐረፉ። ሢመት የተሿሚው ጽድቅ ማኅተም ከሆነ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ንጉሡ ራሳቸውን ስለ መግደላቸው ምን ልንል ነው? እግዚአብሔር ሐሳቡን ለወጠ እንበልን? እንዲህ ከማለት ይልቅ፣ ከፍታው ከመጀመሪያውም ስለ ንጉሡ ሳይሆን በየቁልቁለቱ ገብሱን ስለሚያርሰው ሰው የተሰጠ አደራ ነበር ማለት ለእምነትም ለታሪክም ይቀርባል።

የደጃዝማች ውቤ ልጅ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ለዐፄ ቴዎድሮስ ተድረው ዓለማየሁን ወልደው ነበርና፣ በደረስጌ የወደቀውና በደረስጌ የተነሣው ቤት በአንድ ሕፃን ተገናኙ፤ ሕፃኑም ከመቅደላ በኋላ ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ሞተ፣ በዊንዘርም ተቀበረ። ይህ የሆነው በአባቱ ኃጢአት ነው ወይስ በአያቱ ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፣ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርቱ ይህንኑ በጠየቁ ጊዜ ጌታችን የመለሰላቸውን ከዮሐንስ ወንጌል ያንብብ።