ሁለት ጣት

መቱ ከተማ ውስጥ አንድ የውኃ ቀለም ሠዓሊ ነበር። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማረ። አብረውት የተማሩት ሸራና የዘይት ቀለማቸውን ይዘው እዚያው ሲቀሩ፣ እሱ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አገሩ ገባ። ለምን እንደተመለሰ ሲጠይቁት፣ "የእኔ ቀለም ውኃ ይወዳል፤ ውኃ ያለው ደግሞ ኢሉባቦር ነው" ይላል።

አልተሳሳተም። ጎሬ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች፤ መቱም የዚያው ሰማይ ልጅ ናት። ሠዓሊው ወረቀቱን ሰሌዳ ላይ ወጥሮ፣ ብሩሾቹን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ከላይ ላስቲክ ደርቦ ይወጣል። ውኃ ከቤት አይዝም፤ ከደረሰበት ወንዝ በጣሳ ይቀዳል። አንዱን ቀለም በሌላው ላይ ለመደረብ የፊተኛው መድረቅ አለበት፤ በዚያ አገር እርጥበት ደግሞ ቀለም ቶሎ አይደርቅም። ስለዚህ ሥዕሉን በላስቲኩ ከልሎ ቡና ወደሚፈላበት ቤት ይገባና ከከሰሉ ምድጃ አጠገብ ያቆመዋል። በረካው ሲቀዳ የሥዕሉ ሰማይ ደርቆ ይጠብቀዋል።

ጉዞው ሁሉ ወንዝ ተከትሎ ነበር። ሶር በበቾ በኩል ከጫካው መሐል ወጥቶ 100 ሜትር ገደማ ቁልቁል ወደሚወረወርበት ይሄዳል። እዚያ ዓለቱንና ዛፉን ይቀባል እንጂ ፏፏቴውን አይቀባም፤ በውኃ ቀለም ነጩ ያልተነካው ወረቀት ነውና። ከያዩ ጫካ ገብቶ ከትልልቁ ዛፍ ጥላ ሥር ማንም ሳይተክለው የበቀለውን ቡና ይሥላል። ያ ጫካ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ ሲመዘገብ፣ የደብተሮቹ ገጾች በጫካው አረንጓዴ ሞልተው ነበር። በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ስደት ሲወጡ የመንግሥት መቀመጫ የሆነችውን የጎሬን አሮጌ ቤቶች ሥሏል። ከዚያም በቡሬ በኩል፣ ድሮ የቡና ጭነት በበቅሎ ወደ ጋምቤላ ይወርድበት የነበረውን ቁልቁለት ይዞ ይወርዳል። ሶር ገባን፣ ገባ ብርብርን አግኝተው ባሮ የሚሆኑበትን አገር በእግሩ ያውቀዋል።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጁ አብራው ትወጣለች። ጃንጥላውን የምትይዝለት እሷ ናት። ሲሰለቻት ግን እርሳሱን ታነሳና የንድፍ ደብተሩ ላይ የጎደለ የመሰላትን ትጨምርበታለች፤ ወፍ፣ ጥጃ፣ አጥር ላይ የተሰጣ ልብስ። "ተይ" ይላታል፤ አይፍቀውም።

አንድ ጥቅምት ላይ ከመቱ ወደ ሁሩሙ በሚወስደው መንገድ ወደ ባለቤቱ ታላቅ ወንድም ዘንድ ሄዱ። ከግቢው በታች ጅረት አለ፤ ጅረቱ ዳር ጎሽ የተኛ የሚመስል ጥቁር ድንጋይ፤ ከድንጋዩ ወደ ፀሐይ መውጫ በኩል ደግሞ ቀፎ የተሰቀለበት ሾላ። ዙሪያውን ቡናው ቀልቷል። ሠዓሊው ተቀምጦ ነደፈ። ቀለሙን ሳይጨርስ ካፊያ ጣለና ደብተሩ ላይ ጠብታ አረፈበት፤ ቀለሙም በየጠብታው ዙሪያ እንደ አበባ ፈነዳ። እሱ ብሩሾቹን ሲሰበስብ ልጅቷ እርሳሷን ይዛ ዛፉ ላይ ቀፎዎቹን ጨመረች።

ቤቱ ሲመለስ አዲስ አበባ ላይ ለሚከፈት ዐውደ ርእይ ሥዕሉን በትልቅ ወረቀት ሊሠራው ተቀመጠ። ዛፉ አስቸገረው። ሾላው ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ተጣብቆ የጅረቱን መታጠፊያ ጋርዶታል። አውራ ጣቱን ዛፉ ላይ አድርጎ አየ፤ ከለለው፤ ገለጠው። በመጨረሻ በሁለት ጣቱ ለካና ሾላውን ከድንጋዩ ማዶ፣ ወደ ፀሐይ መግቢያ አሻገረው። ያኔ ሥዕሉ ተነፈሰ። ብርሃኑ ከመታጠፊያው ገብቶ እስከ ቡናው ዘለቀ።

ይህን ማንም ሠዓሊ ያደርገዋል። ዐውደ ርእዩ ላይ ከሁሉ ቀድሞ የተሸጠው ያ ሥዕል ሆነ። ቆይቶም አንድ ድርጅት ቀን መቁጠሪያው ላይ አተመው፤ ለጥቅምት ወር። ቀን መቁጠሪያው መቱ ደረሰና በየቡና ቤቱ፣ በየፀጉር አስተካካዩ፣ በየሱቁ ተሰቀለ። ዓመቱ ሲያልፍ ሌሎቹን ወራት ቀድደው ጣሉ፤ ጥቅምትን ተዉት። የባለቤቱ ወንድም ሳሎኑ ውስጥ በመስታወት አስገብቶ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር "የእኔ ቦታ ነው" እያለ ያሳያል። ሠዓሊው አማቹ ቤት ሲሄድ ከሥዕሉ ፊት ለፊት ተቀምጦ ቡናውን ይጠጣል፤ ስለ ዛፉ ግን አንድ ቀን ትንፍሽ አላለም።

ዓመታት አለፉ። አንድ ክረምት ጅረቱ ሌሊት ሞልቶ የዳሩን አፈር ናደው። ሾላው ከነሥሩ ተነቅሎ ወደ ሶር ወረደ። ሲነጋ የቀረው ድንጋዩ ብቻ ነበር።

ያ ሾላ ደግሞ ወሰን ነበር። የባለቤቱ ወንድምና ከድንጋዩ ማዶ ያሉት ሽማግሌ ጎረቤቱ መሬታቸው የሚለያየው በዛፉ ነው። የይዞታ ደብተራቸው ላይ የተጻፈው የአዋሳኞች ስም እንጂ ዛፉ የቱ ጋ እንደቆመ አይደለም፤ ዛፍ ይሄዳል ብሎ ማን ያስባል? አሁን አንዱ "ሾላው ከድንጋዩ ማዶ ነበር" አለ፤ ሌላው "ከድንጋዩ ወዲህ ነበር" አሉ። በወረቀት ላይ ሁለት ጣት የሆነው በመሬት ላይ ሃምሳ እግር ቡና ነው።

የአገር ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ሠዓሊውም በዝምድናው መጥቶ ከዳር ተቀመጠ። የባለቤቱ ወንድም ብዙ አልተናገረም። ከሳሎኑ ያወረደውን ጥቅምት በሁለት እጁ አቀረበ።

"ይኸው። የሣለው አማቼ ነው፤ ተምሮ የመጣ ሰው ነው። እዚሁ ቁጭ ብሎ እያየ ነው የሣለው፤ አገር ምስክሬ ነው።"

ሽማግሌዎቹ አዩት። ሾላው ከድንጋዩ ማዶ፣ ብርሃኑ እላዩ ላይ ወድቆ፣ እንደ ሙሽራ ቆሟል። ከዚያ ወደ ጎረቤቱ ዞሩ። "ኦቦ፣ ምን ይላሉ?"

ሽማግሌው ሥዕሉን ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። አራቁት። ደግሞ አስጠጉት።

"ቀፎ ለመስቀል ከልጅነቴ ጀምሮ ወጥቼበታለሁ" አሉ። "ከድንጋዩ ወዲህ ይመስለኝ ነበር። ሥዕሉ እንዲህ ካለ ግን … እርጅና ነው መሰለኝ። ረስቼው ይሆናል።"

ሽማግሌዎቹ ለሚመጣው እሑድ ቀጠሩ። ሠዓሊውን የጠየቀው ሰው አልነበረም። ምን ብለው ይጠይቁት? ቃሉ በየግድግዳው ተሰቅሏል።

ማታ ቤቱ ገብቶ ከአልጋ ሥር ሳጥኑን ጎተተ፤ ደብተሮቹን አገላበጠ፤ ገጹን አገኘው። ባለቤቱ ከኋላው ቆማ አየች። እናቷ ስትሞት ያሳደጋት ይኸው ወንድሟ ነው። ደብተር ገዝቶ ያስተማራት፣ የዳራትም እሱ ነው።

"ዝም ብትል ማን ያውቃል?" አለችው።

መልስ አልሰጣትም። እሷም አልደገመችም። እስከ እሑድ ድረስ ስለዚህ ነገር ቤት ውስጥ ወሬ አልተነሳም። እሑድ ጠዋት ሲነሳ ግን ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ በሲባጎ ታስሮ አገኘው። "ሰማዩ ከብዷል" አለችው እሳቱን እያራገበች፣ "እንዳይርስብህ።"

ሽማግሌዎቹ መርቀው ሸንጎውን ሲከፍቱ ሠዓሊው ተነሥቶ ፈቃድ ጠየቀ። ሲባጎውን ፈታ።

"ትልቁ ሥዕል ላይ ዛፉን ያሻገርኩት እኔ ነኝ" አለ። "እንዲያምር ብዬ። የነበረበት ቦታ ይኼ ነው።"

የባለቤቱ ወንድም ብድግ አለ። አንድ ሁለት ሰው እጁን ይዞ አስቀመጠው። የሸንጎው አለቃ ደብተሩን ተቀብለው ገጹን ሳያዩ ሠዓሊውን አዩት።

"ልጄ፣ ያንን አሻግሬ ነበር ካልክ፣ ይኼንንስ ትናንት ማታ እንዳልሣልከው በምን እናውቃለን?"

ተገቢ ጥያቄ ነው። ሠዓሊው ጠብታዎቹን አሳያቸው፤ እዚያው ተቀምጦ ሳለ ዝናብ እንደነካው አስረዳ።

"ዝናብማ ትናንትም ዘንቧል" አሉት።

ዝም አለ። እውነትን አንዴ ያሻገረ እጅ፣ እውነት ይዞ ሲመጣም የሚያምነው አጣ። አለቃው ግን ደብተሩን ለመመለስ ሲያጥፉት ዓይናቸው አንድ ነገር ላይ አረፈ። ደብተሩን ከጋቢያቸው ሥር አስገቡና ወደ ጎረቤቱ ዞሩ።

"ኦቦ፣ ሾላው ላይ ስንት ቀፎ ነበርዎት?"

"መቼ?"

"ይኼ ሰው ከልጁ ጋር መጥቶ የሣለ ጊዜ።"

ሽማግሌው አላቅማሙም። "አምስት። አራቱ ንብ ነበረባቸው። አምስተኛው ገመዱ ላልቶ ወደ ጅረቱ ተንጋዶ ነበር፤ ንብ እምቢ አለው። በዚያው ኅዳር አወረድኩት።"

አለቃው ጋቢያቸውን ገለጡ። በሾላው ቅርንጫፎች መሐል፣ ከቀለሙ በላይ፣ በልጅ እጅ በእርሳስ የተሣሉ አምስት ቀፎዎች አሉ። አራቱ ቀጥ ብለው ተኝተዋል። አንዱ አፉን ወደ ጅረቱ ዘቅዝቋል። ሾላው ያለው ደግሞ ከድንጋዩ ወደ ፀሐይ መውጫ ነው።

ደብተሩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሽማግሌዎቹ ካስማ ይዘው ወሰን ሊተክሉ ወደ ጅረቱ ሲወርዱ፣ ጎረቤቱ ከኋላ በምርኩዛቸው እየተከተሉ አጠገባቸው ለሚሄደው ሁሉ "አልረሳሁማ!" ይላሉ። "አልረሳሁም እኮ!" ስለ ቡናው ሲያነሡ የሰማ የለም።

የባለቤቱ ወንድም የተፈላውን ቡና ሳይቀምስ ሄደ። በዓል መጣ፤ ሠዓሊው ቤት አልመጣም። ባለቤቱ ብቻዋን ሄዳ ጠየቀችው፤ ብቻዋን ተመለሰች። መቱ ውስጥ ልጆች ሠዓሊውን "ዛፍ አሻጋሪው" ይሉት ጀመር። አንዱ ፀጉር አስተካካይ ግድግዳው ላይ ያለው ጥቅምት ላይ በቀይ እስክሪብቶ ቀስት ሥሎ ከሾላው ወደ ድንጋዩ ወዲህ አመለከተ። ሠዓሊው ሊላጭ ገብቶ ቀስቱን አየ። "ትንሽ ወደ ቀኝ" አለው፤ አስተካከለለት። አዲስ አበባ ላይ ሥራውን ሲያቀርብም ከየሥዕሉ አጠገብ የደብተሩን ገጽ ይሰቅል ጀመር። ትልልቆቹ እንደ በፊቱ አልተሸጡለትም።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ከሁሩሙ ሁለት ወንድማማቾች በር አንኳኩ። የአባታቸውን መሬት ሊካፈሉ ነው። "ሳንጣላ ሥልልን" አሉት። ቀጥሎ ከበቾ መጡ፤ ከዚያ ከያዩ። ሕግ አወጣላቸው፤ ሁለቱም ወገን ይገኛል፤ የት ቆሜ እንደምሥል ማንም አይነግረኝም፤ ስጨርስ ከገጹ ጀርባ ሁለታችሁም ጣታችሁን ታትማላችሁ። ልጁ አድጋለች። እሱ ቀለሙን ሲቀባ እሷ ዛፍ ትቆጥራለች፤ ቀፎ ትቆጥራለች፤ የተሰበረ አጥር ካለም እንደተሰበረ ታስገባዋለች። ክፍያው ማር ነው፤ አንዳንዴ ጀንፈል ቡና፤ አንዳንዴ ምርቃት ብቻ። እኔ የማውቀው ይህን ነው፤ ከእነዚያ ገጾች አንዱም በማንም ሳሎን አልተሰቀለም። ሁሉም ከይዞታ ደብተሩ ጋር ሳጥን ገባ።

አንድ መጋቢት ላይ፣ የቡናው አበባ በፈካበት ሰሞን፣ ደጃፉ ላይ ሁለት ሰዎች ቆመው አገኘ። አንደኛው በላይ በኩል የባለቤቱ ወንድም አዋሳኝ ነው። ሁለተኛው የባለቤቱ ወንድም ራሱ።

"ጋሼ፣ ይግቡ" አለ ሠዓሊው።

ገቡ። ባለቤቱ ከጓዳ ወጥታ የወንድሟን ጉልበት ሳመች፤ ምንም ሳትናገር ቡናውን ቆላች። እሱም አቦሉን ጠጣ፤ ቶናውን ጠጣ፤ በረካውን ጠጥቶ ስኒውን መለሰ።

"የላይኛው ወሰናችን ላይ አንድ ዋንዛ አለ፤ አርጅቷል" አለ። "ይኼ ክረምት አያሻግረውም። ሳይወድቅ ሥልልን ብለን ነው።"

"በትልቁ ነው?" አለ ሠዓሊው።

"በደብተሩ" አለ የባለቤቱ ወንድም፤ ጋቢውን ሰብስቦ ተነሣ። "ልጅቷም ትምጣ።"