«ቅጣቴ ነው» ላለችው እህት



በባቲ የሰኞ ገበያ ከብት የሚገዛ ሰው ዋጋ ከመጥራቱ በፊት የከብቱን አፍ ከፍቶ ጥርሱን ያያል፤ ዕድሜው የሚታወቀው በጥርሱ ነውና። የሚያሳዝነው ሰውንም እንደዚያ የምናይበት ጊዜ መኖሩ ነው።

ከዐረብ ሀገር የተመለሰች አንዲት የባቲ ልጅ አውቃለሁ። ጥርሷ ጤነኛ ነበር፤ ትንሽ የተነባበረ ስለሆነ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ሲሳቅባት አደገች። ከሠርጓ በፊት በላቧ ባጠራቀመችው ገንዘብ ቬኒር አስለጠፈች። ዛሬ ድዷ ይደማል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ያማታል፤ ስትስቅ አፏን በሻሿ ትሸፍናለች። «ሐኪም ዘንድ ሂጂ» ስትባል መልሷ አንድ ነው፦ «የአላህን ፍጥረት ቀይሬ ነው። ቅጣቴ ነው፤ ልቻለው።»

እውን መቻል አለባት?

መጀመሪያ ነገሩን እንረዳው። ቬኒር በጥርስ ፊት ላይ የሚለጠፍ ስስ ልባስ ነው። ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ቻርለስ ፒንከስ የተባለ የካሊፎርኒያ የጥርስ ሐኪም ለሆሊውድ ተዋንያን ሲሠራው፣ ለቀረጻ ተለጥፎ ወዲያው የሚወልቅ ነበር። የዛሬው ግን ተጣብቆ ይቀራል። ለዚህም ብዙ ጊዜ የጥርሱ ጠንካራ ሽፋን፣ ኢናሜሉ፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ይሞረዳል። ኢናሜል አንዴ ከተሞረደ ተመልሶ አይበቅልም። የልባሱ ጠርዝ በልኩ ካልገጠመ ደግሞ ክፍተቱ ውስጥ የምግብ ትራፊና ጀርም ይጠራቀማል፤ ድድ ይቆጣል፣ አፍ ይሸታል፣ ጥርሱም ከሥር ይበላል። የእህታችን ሕመም እንግዲህ ምክንያቱ የታወቀ፣ ሐኪም ሊያስተካክለው የሚችል ነው።

ፍርሃቷ ግን ከባዶ አልመጣም። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) ለውበት ብለው ጥርሳቸውን የሚያፈነጩ ሴቶች መረገማቸውን አስተላልፈዋል። ፍንጭት ጥርስ በሚወደድበት ሀገራችን ይህ ሩቅ ነገር አይደለም። ኢማም ነወዊ ደግሞ ለሕክምና ወይም በጥርስ ላይ ላለ ጉድለት ሲሆን ችግር እንደሌለው አብራርተዋል። የእሷ ጉዳይ ከየትኛው እንደሚመደብ ዓሊም ይጠየቅ። ጥፋት ሆኖ ከተገኘም የተውበት በር ክፍት ነው።

ተውበት ማለት ግን ጥርስን እያመመ መተው አይደለም። ሶሓባው ዐርፈጃ (ረ.ዐ) በኩላብ ጦርነት አፍንጫቸው ተቆረጠ። ከብር ያሠሩት አፍንጫ ሸተተባቸው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሽታውን ችለው እንዲኖሩ አላደረጓቸውም፤ ወርቅ ለወንድ የተከለከለ ሆኖ ሳለ በወርቅ እንዲተኩት አዘዟቸው። አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል።

«እሳቸው አፍንጫቸውን ያጡት በምርጫቸው አይደለም፤ እሷ ግን ወዳ ነው» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው። ግን የሰው ማንጎ ሊሰርቅ ዛፍ ላይ ወጥቶ የወደቀ ልጅም እግሩ ይታሰርለታል። ተውበቱ ሌላ፣ ስብራቱ ሌላ።

ደግሞስ ጥያቄው ለምን ለእሷ ብቻ ይሆናል? ሕክምና ሳያውቅ ያከመ ሰው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ እንደሆነ አቡ ዳውድ፣ ነሳኢና ኢብኑ ማጃህ በዘገቡት ሐዲስ ተነግሯል። ልክ ያልሆነውን ልባስ ለጥፎ ገንዘቧን የተቀበለው ሰው፣ ሙያው ሳይኖረው ነክቷት ከሆነ፣ ዕዳው በእሱ ላይ ነው። በሱረቱል ሑጁራት አንዱ በሌላው ላይ እንዳይሳለቅ ተከልክለናል። በልጅነቷ ጥርሷን እያየን የሳቅነው እኛስ? ጤነኛውን ጥርስ ሞረድ ከመንካቱ በፊት የእኛ ምላስ ነክቶታል።

እህቴ፣ ሙያውን የሚያውቅ ሐኪም ፈልገሽ ታከሚ። አካልሽ አማና ነው። ለወንድም ፊት ፈገግ ማለት ሶደቃ እንደሆነ ተምረናል፤ ሶደቃሽን በሻሽ አትሸፍኚው።

አላህ ለታመሙት ሺፋውን፣ ለእኛም የምላስ ጥበቃን ይስጠን። አሚን።