የሚሳቅበት ጀግና

ሳቅ ሁሉ አንድ አይደለም። ትዕቢተኛውን ወደ ልኩ የሚመልስ ሳቅ አለ፤ የተጨነቀውን ይበልጥ የሚያስጨንቅ ሳቅም አለ። ሁለቱ ከአንድ አፍ፣ በአንድ ምሽት ሊወጡ ይችላሉ። ታዲያ የተገባውን ሳቅ ካልተገባው የሚለየው ምንድን ነው? ጥያቄው ለኪነ ጥበብ ሰውም ሆነ ለመምህር አዲስ አይደለም። ዛሬ ግን ብዙዎቻችን ከቁም ነገር በማንቆጥረው ሥፍራ፣ በወጣቶች የቪዲዮ ጨዋታ ውስጥ፣ አዲስ መልክ ይዞ ይጠብቀናል።

ጥያቄውን ያነሣብኝ በጋምቤላ ከተማ የሚያስተምር አንድ ወዳጄ ነው። በክረምት አንድ ምሽት ልጁና የሠፈር ጓደኞቹ አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ከብበው «ፌብል» የተባለውን ጨዋታ ይጫወቱ ነበር። ይህ ጨዋታ ላየንሄድ በተሰኘ የእንግሊዝ ድርጅት ተሠርቶ በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣ ሲሆን፣ ተጫዋቹ አንድን ገጸ ባሕርይ ከልጅነት እስከ ጀግንነት እየመራ፣ አልቢዮን በተባለች የተረት አገር በሰይፍ፣ በቀስትና በአስማት የሚዋጋበት ነው። ቀልዱ የሚጀምረው ከጀግናው መጠሪያ ነው። ሥልጠናውን ጨርሶ ወደ ዓለም ሲወጣ ሕዝቡ የሚያውቀው «ዶሮ አባራሪ» በሚል ስም ነው። ወንበዴ ድል አድርጎ ሲመለስ እንኳ መንደርተኛው በዚሁ ስም ይቀልድበታል። የተሻለ መጠሪያ የሚሻ ከሆነ ገንዘቡን ይዞ ወደ ማዕረግ ሻጭ መሄድ አለበት፤ ክብር እንደ ማንኛውም ሸቀጥ በገበያ ይሸጣል ማለት ነው። ክፋት ሲያበዛ ቀንድ ያበቅላል፤ ደግነት ሲያበዛ ደግሞ በራሱ ላይ የብርሃን አክሊል ይታያል።

ልጆቹ በዚህ ሁሉ ከልባቸው ይስቁ ነበር። ከመካከላቸው በቅርቡ ወደ ሠፈሩ የመጣ፣ ከሌላ ብሔረሰብ የተወለደ አንድ ልጅም አብሯቸው ይስቃል። ተራው ደርሶ ሊጫወት ሲቀርብ ግን አንደኛው፣ በዚያው የሳቅ ግለት፣ «ለአንተስ የሚሆን ማዕረግ አለን» ብሎ የልጁን ወገን የሚያንቋሽሽ ስም ሰጠው። ስሙን እዚህ መድገም አያሻም። ሁሉም ሳቁ። ልጁ አንድ ቃል ሳይመልስ ተነሥቶ ወጣ፤ በማግሥቱም አልመጣም። «ሁለቱም ስም ማውጣት ነበር፤ ሁለቱም አስቋል» አለኝ ወዳጄ። «ልጄን ምን ብዬ ልገሥጸው?»

ለዚህ ጥያቄ በቅድሚያ የሚመጣልን መልስ ከራሳችን የስላቅ ታሪክ የምናገኘው ነው። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1910ዎቹ የመጀመሪያውን የአገራችንን ዘመናዊ ተውኔት ሲጽፉ አውሬዎችን አናገሩ። የተውኔቱ ስም «ፋቡላ» ይባላል፤ ከ«ፌብል» ጋር ሥሩ አንድ ነው፤ ተረት ማለት ነው። አውሬዎቹ የመኳንንቱንና የሹማምንቱን ብልሹነት የሚያሳዩ መስተዋቶች ስለነበሩ ተውኔቱ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። አዝማሪም በሰሙ እያወደሰ በወርቁ ሲወጋ ኖሯል፤ አለቃ ገብረ ሐናም በቤተ መንግሥት ጭምር በሹመኛው ላይ የሳቁ ሰው ሆነው በሕዝብ ዘንድ ይታወሳሉ። ከዚህ ልማድ የሚወጣው ሕግ ግልጽ ይመስላል፤ ወደ ላይ ሳቅ፣ ወደ ታች አትሳቅ። በዚህ ሚዛን «ዶሮ አባራሪ» የተገባ ቀልድ ነው፤ የሚሳቅበት ሰይፍ የታጠቀው ነውና።

ይሁን እንጂ ሕጉ በቂ አይደለም። በመጀመሪያ ደረጃ፣ ያው ጨዋታ ሰው ዶሮ በእርግጫ እየመታ እንዲስቅም ይጋብዛል። በጀግናው ላይ በሚሳቀውና ጀግናው በሚያደርገው ግፍ በሚሳቀው መካከል ያለው ርቀት አንዲት ቁልፍ የመጫን ያህል ነው። በአዲስ አበባ ቅኔ ጌምስ በተባለው ድርጅት የተሠራው «ኩኩሉ» ይህንን ነገር ገልብጦታል፤ በእርሱ ዘንድ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ከአሳዳጅ የምትሸሽ ዶሮ ናት። ተጫዋቹ አባራሪ መሆኑ ቀርቶ ተባራሪ ይሆናል። በስደተኞች ሠፈር ያደገው ደቡብ ሱዳናዊው ሉዋል ማየንም «ሰላም» በተሰኘው ጨዋታው ተጫዋቹን ከጦርነት በሚሸሽ ሰው እግር አቁሞታል። ሳቅ ከየት ቆመው እንደሚመለከቱት መልኩን የሚለውጥ ነገር መሆኑን እነዚህ ሥራዎች ያሳያሉ።

በሁለተኛ ደረጃ፣ «ላይ» እና «ታች» በተረት አገር እንደሚታዩት በምድር ላይ አይታዩም። ጋምቤላን እንውሰድ። በ1894 ዓ.ም. በተደረገው ውል መሠረት እንግሊዞች በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ካቋቋሙ ጀምሮ ከተማዋ ከካርቱም በእንፋሎት መርከብ የመጣ ነጋዴና ከደጋ በጭነት የወረደ ቡና የተገናኙባት ሥፍራ ነበረች። ዛሬም አኙዋው፣ ኑዌሩ፣ መዠንግሩ፣ ኦፖውና ኮሞው ከደገኛው ጋር በአንድ ገበያ ይውላሉ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከክልሉ 307 ሺህ ያህል ሕዝብ 47 ከመቶ ገደማው ኑዌር፣ 21 ከመቶ ገደማው አኙዋ ነበር። ታዲያ ኃይለኛው ማን ነው? አኙዋው በአያቶቹ ምድር በቁጥር ማነሱን ያስባል፤ ኑዌሩ ቁጥሩ ቢበዛም «ከወዲያ ማዶ የመጣህ» መባሉን ያስባል፤ ደገኛው በክልሉ ጥቂት መሆኑን ያስባል፤ ሌሎቹ ግን ሱቁና ቢሮው በእጁ መሆኑን ያያሉ። እያንዳንዱ ራሱን ከታች የሚያይበት ምክንያት አለው። እንግዲህ «ወደ ላይ ሳቅ» የሚለው ሕግ ብቻውን ከተተወ ሁሉም በሁሉም ላይ እንዲሳለቅ ፈቃድ ይሰጣል ማለት ነው። ያ ስም የሰጠው ልጅም ቢጠየቅ የሚሳለቀው ወደ ላይ እንደሆነ ያስረዳ ይሆናል።

ስለዚህ ሌላ ሚዛን ያስፈልገናል። እንግሊዛዊው የሰው ልጅ ባህል አጥኚ ኢቫንስ ፕሪቻርድ በ1930 እ.ኤ.አ. የኑዌርን ሕዝብ ሊያጠና ዛሬ ደቡብ ሱዳን ወደምንለው ምድር ሲገባ፣ የእንግሊዝ መንግሥት በዚያ ሕዝብ ላይ የከፈተው ዘመቻ ገና ትኩስ ነበር። በኒያንዲንግ ወንዝ አካባቢ ቹኦል ከተባለ ሰው ጋር ሲነጋገር ስለ ጎሣው ጠየቀው። ቹኦል አልተቆጣም፤ እምቢም አላለም። ጥያቄውን በጥያቄ እየመለሰ፣ ያወቀ ሲመስል እያላወቀ፣ ሊነግረው ሲል እየተወ፣ ጠያቂውን ከጀመረበት መለሰው። ከኋላው የጦር ኃይል ያለውን ሰው ያለ ጦር አሸነፈው። ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን ተሸናፊው ያደረገው ነው። በ1940 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ መግቢያ ላይ ንግግሩን ቃል በቃል አስፍሮ በራሱ ላይ ሳቀ።

ከዚህ ሁለት መለኪያዎች እናገኛለን። የመጀመሪያው፣ የተሳቀበት ሰው መልስ የመስጠት ቦታ አለውን? የሚል ነው። ቹኦልና እንግዳው ፊት ለፊት ነበሩ፤ ቃል በቃል ይመለስ ነበር። በአኙዋዎች ዘንድም የመንደሩ አለቃ በታላቅ ክብር እየታየ፣ ልግስናው ሲነጥፍ መንደርተኛው ሊያስወግደው ይችል ነበር፤ ክብር መልስን አይከለክልም ነበር። ሁለተኛው፣ የሚስቀው ሰው ራሱን ከሳቁ ውስጥ አስገብቷልን? የሚል ነው። «ዶሮ አባራሪ» የሚያስቀው የሚስቀውም የሚሳቅበትም ተጫዋቹ ስለሆነ ነው። ለወጣው ልጅ የተሰጠው ስም ግን ሁለቱንም ያጓደለ ነበር። ልጁ ብቻውን ነበር፤ ሰጪው ደግሞ ለራሱ ምንም ስም አላወጣም።

እዚህ ላይ የስም ነገር ሊታሰብበት ይገባል። በቆየው የኑዌር ባህል ወጣቱ ወደ ጎልማሳነት ሲሸጋገር አባቱ ከሰጠው ሰንጋ መልክ መጠሪያ ይወስዳል። የእኛ ነገሥታትና የጦር አበጋዞችም በፈረስ ስም ይጠሩ ነበር፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው። ደጋና ቆላ በዚህ ይገናኛሉ፤ በሁለቱም ዘንድ ሰው ከሚወድደው እንስሳ ጋር ተቆራኝቶ አንድ ብቻውን የሆነ፣ ከማንም ያልተቀላቀለ ስም ያገኛል። የንቀት ቅጽል ግን ሰውን ከስሙ አውርዶ ከብዙዎች ጋር ይደባልቀዋል። ጋምቤላ በታኅሣሥ 1996 እና በ2008 ዓ.ም. ሰዎች በወገናቸው ብቻ ተለይተው የተገደሉባት ከተማ ናት። ቃል ብቻውን ሰው አይገድልም። ነገር ግን ገዳይ አስቀድሞ የሟቹን ስም መርሳት ያስፈልገዋል፤ በዚህም ቅጽሉ ያግዘዋል።

ይህን ያህል ሚዛን ቀልድን አይገድልምን? የሚል ይኖራል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም፤ ሳቅ ፈቃድ ጠይቆ አይመጣምና፣ በመመሪያ የተጻፈ ቀልድም ማንንም አያስቅም። ሆኖም መለኪያዎቹ ሳቅን አይከለክሉም፤ ከማን እንደሚጀመር ብቻ ይናገራሉ። ከራሱ የጀመረ ሰው በሌላው ላይ ለመቀለድ ቢበዛ እንጂ አያንስ ነፃነት አለው፤ መልሱንም ለመቀበል ተዘጋጅቷልና።

በአገራችን ጨዋታ መሥራት የጀመሩ ወጣቶች ነገ የባሮን ዳርቻ በተረት መልክ ይስሉ ይሆናል። ጀግናቸው ይሳቅበት፤ ዶሮዋም ትመልስለት። ለወዳጄ የሰጠሁት መልስም ይኸው ነው። ልጁ እንዳይስቅ አይገሥጸው። ይልቅ ይዞት ወደዚያ ልጅ ቤት ይሂድ፤ ለራሱ ያወጣውን የሚያስቅ ስም አስቀድሞ ይናገር፤ ከዚያም ዝም ብሎ የሚመጣውን መልስ ያዳምጥ።