የስንዴ ቅንጣት ምን ታስተምረናለች?

ቤተ ክርስቲያናችን ልጆቿን በመጽሐፍ ብቻ አላስተማረችም። ፊደል ያልቈጠረው ምእመን ዓይኑ የሚያየውን፥ እጁም የሚዳስሰውን ነገር መጽሐፍ አድርጋ ሰጥታዋለች። የምሥጢረ ሥላሴ መምህር ተማሪውን ወደ ደጅ አውጥቶ ፀሐይን ያሳየዋል፤ ክበብ፥ ብርሃንና ሙቀት ሦስት ሲሆኑ ፀሐይ ግን አንዲት መሆንዋን ያስረዳዋል። በቅኔ ማኅሌት የቆመ አገልጋይ ጸናጽሉን ሲያነሣ የያዕቆብን መሰላል፥ በከበሮው ዙሪያ የተወጠረውን ጠፍር ሲያይ ጌታችን የተገረፈውን ግርፋት እንዲያስብ ተምሯል። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም የማይታየው የእግዚአብሔር ባሕርይ ከፍጥረቱ እንደሚታወቅ ለሮሜ ሰዎች ጽፏል (ሮሜ 1፥20)። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ አባቶቻችንም በዚህ መንገድ ተጉዘው ደርሰዋል።

ነገር ግን መምህራኖቻችን ምሳሌ በነገሩን ቍጥር አንዲት ቃል ሳይጨምሩ አልሰደዱንም፤ ይኸውም ምሳሌ ከሚመሰልለት ነገር ያንሳል የምትል ናት። ይህችን ቃል ብዙዎቻችን በቃላችን እንይዛታለን፤ በዐውደ ምሕረትና በለቅሶ ቤት በቆምን ጊዜ ግን እንረሳታለን። የከበሮው ጠፍር ምሳሌነት አባቶች በሥርዓት የሰጡት ነው፤ ጠፍሩ ራሱ ስለ ግርፋት ያውቃል የሚል ሰው የለም። «ንብ ታስተምረናለች፥ ጕንዳን ይመክረናል፥ ስንዴ ይመሰክራል» ባልን ጊዜ ግን ፍጥረትን ለምስክርነት ጠርተናል ማለት ነው። ምስክር የጠራ ሰው ደግሞ ምስክሩ የሚናገረውን ሊሰማ ይገባዋል እንጂ የወደደውን ቃል በአፉ ሊያኖርበት አይገባውም። እንግዲህ የምንጠይቀው ይህን ነው፤ ፍጥረት በእውነት ያስተምረናልን? ወይስ እኛ የፈቀድነውን እናናግረዋለን?

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የንግሥ በዓል ስለ ንብ ሰብከን ነበር። ንቦች ለአንድ ንጉሥ በፍቅር እንደሚታዘዙ፥ ምእመናንም እንዲሁ ለአለቆቻቸው ሊታዘዙ እንደሚገባ አስፍተን ተናገርን። ስብከቱ ካለቀ በኋላ የእርሻ ትምህርት የምትማር አንዲት ወጣት ቀርባ መስቀል ተሳለመችና፥ «አባቴ፥ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የንቦቹ አለቃ ንጉሥ ሳይሆን እናት ናት። ቀፎውንም የምታዝዝ አይደለችም፤ ዕንቍላል ስትጥል ትኖራለች እንጂ» አለችን። እኛም ትምህርቱን ከታላላቅ አባቶች መቀበላችንን ነገርናት። በእርግጥም ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ዓመት ስለ ስድስቱ ቀናት ሥነ ፍጥረት በሰበከ ጊዜ ስለ ንቦች ንጉሥ ተናግሯል፤ በዘመኑ የነበሩ ብዙ ጠቢባንም እንዲሁ ያውቁ ነበርና። በአገራችንም ቢሆን ንብ አንቢው «አውራ» ብሎ በወንድ ስም ይጠራታል። ያን ስዋመርዳም የተባለ የሆላንድ ሰው በ17ኛው መቶ ዓመት በማጕሊያ መነጽር መርምሮ ማኅፀንዋን እስካሳየ ድረስ ነገሩ ለብዙዎች ግልጥ አልነበረም። ወጣቷ እንደ ጨመረችልን፥ እናቲቱ በደከመች ጊዜ ሠራተኞቹ ሌላ አሳድገው በእርስዋ ቦታ ይተካሉ። ይህን ከሰማን በኋላ ወደዚያ ስብከት ለመመለስ አልወደድንም!

ቅዱስ ባስልዮስን አናማርርም፤ በዘመኑ የታወቀውን በቅንነት ተናግሯልና። እኛ ግን ንቧን የጠራናት ልንጠይቃት አልነበረም፤ «ታዘዙ» የምትል ቃላችንን እንድትሸከምልን ነበር እንጂ። መታዘዝ መልካም መሆኑን ለማስተማር የእግዚአብሔር ቃል ይበቃን ነበር። ንቧ ያስፈለገችን ትእዛዙ ከራሳችን የመጣ እንዳይመስል ነበር ብንል ከእውነት አንርቅም።

ይህስ ቀላል ስሕተት ነበር፤ ማንንም አላቈሰለም። ስለ ስንዴ የምንነግራችሁ ግን እንደዚህ አይደለም።

ጌታችን የስንዴ ቅንጣት በምድር ወድቃ ካልሞተች ብቻዋን እንደምትቀር፥ ብትሞት ግን ብዙ ፍሬ እንደምታፈራ ተናግሯል (ዮሐ. 12፥24)። በሰንበት ትምህርት ቤት ይህን ስናስተምር አንድ ልጅ ተነሥቶ፥ «የኔታ፥ የሞተ ዘርማ አይበቅልም» አለ። እኩዮቹ ሳቁ፤ እኛ ግን አልሣቅንም፤ ልጁ የተናገረው እውነት ነበርና። ነቀዝ የበላውን ዘር ገበሬው ከመዝራቱ በፊት ለቅሞ ይጥላል። በስንዴዋ ቅንጣት ጫፍ ላይ ለቡቃያ የተዘጋጀች ታናሽ ሕይወት አለች፤ የቀረው የቅንጣቲቱ አካል ለዚያች ሕይወት የተሰነቀ ምግብ ነው። ውኃ በደረሳት ጊዜ ቡቃያዋ ነቅታ ስንቁን እየበላች ታድጋለች፤ ሥር ሰዳ ቅጠል ካወጣች በኋላ ብንቈፍር የምናገኘው ባዶ ቅርፊት ነው። ታዲያ የሞተው ምንድን ነው? የሞተውማ ለባለቤቱ እህል የነበረው ነው። ከእንግዲህ አይፈጭም፥ አይጋገርም፥ አይቈላም፤ ወደ ጎታውም አይመለስም። በልጁ ጥያቄ ምክንያት የጌታችንን ቃል ከቀድሞው ይልቅ አጥርተን አየነው፤ ስለዚህ የሚጠይቁ ልጆችን ዝም የሚያሰኙ መምህራን ብዙ ይቀርባቸዋል እንላለን።

ዘር ለባለቤቱ ምን እንደሆነ ግን የተማርነው ከመጻሕፍት አይደለም። በ1977 ዓ.ም. በወሎ፥ በትግራይና በሌሎችም አውራጃዎች ብርቱ ረኃብ በሆነ ጊዜ እኛ የቅኔ ተማሪዎች ነበርን። የነበርንበት አገር የዚያን ያህል ባይጎዳም እህል ተወዶ ነበር፤ አኵፋዳችንን አንግተን «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልን ብንዞርም ብዙ ቀን ባዶውን እንመለስ ነበር። በሰኔ ወር አንዲት ሴት ደጅ ቆመን ስንለምን በሩ ገርበብ ብሎ ነበርና ከውስጥ አፉ በጭቃ የተመረገ ጎታ አየን። ሴትዮዋ፥ «ልጆቼ፥ የለኝም፤ ያለው ዘር ብቻ ነው» ብላ መለሰችን። እኛም በልጅነት አእምሮ እህል እያላት የከለከለችን ንፉግ አድርገን ቈጠርናት፤ በመንገድም ሳለን ክፉ ተናገርናት። ልጆችዋ በእኛ አጠገብ ቆመው እንደነበር፥ እነርሱም እንደ እኛ የከሱ እንደነበሩ ልብ አላልንም። በሐምሌ በዚያ በኩል ስናልፍ ባልዋ ያን ስንዴ በታረሰው ማሳ ላይ ሲበትነው አየን። የተራቡ ልጆች በድንበሩ ላይ ተቀምጠው ምግባቸው ወደ አፈር ሲወርድ ይመለከቱ ነበር። እኛ የቆሎ ተማሪ የምንባል ሰዎች ቆሎና ዘር አንድ እህል መሆናቸውን፥ የሚለያያቸውም የባለቤቱ ፈቃድ ብቻ መሆኑን ያወቅነው በዚያ ቀን ነው። የተቈላው ለዛሬ ይሆናል፤ ከቶም አይበቅልም።

ይህን ሁሉ አይተን ሳለን፥ ከብዙ ዓመት በኋላ በአንድ ለቅሶ ቤት ያደረግነው ያሳፍረናል። ከምናገለግልበት ደብር ምእመናን የአንዲት የገበሬ ሚስት ልጅ ታሞ ዐረፈ፤ ዕድሜው ወደ 10 ዓመት ይጠጋ ነበር። በሰልስቱ ሰዎች በተሰበሰቡበት ለማጽናናት ተነሣንና የስንዴዋን ነገር አመጣን። ልጁ በአፈር ውስጥ የተዘራ ዘር እንደሆነ፥ ገበሬ ዘሩን ሲቀብር እንደማያለቅስ፥ እርስዋም ልታለቅስ እንደማይገባት በብዙ ቃል ተናገርን። ነገሩ ለጆሮ የተዋበ ነበርና ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እናቲቱ ግን ቀና ብላ እንዲህ አለችን፤ «አባቴ፥ ዘሩን ከጎታ መርጬ የምሰጠው እኔ ነኝ። የምሰጥበትን ወር አውቃለሁ፤ የማጭድበትንም ወር አውቃለሁ። ይህን ልጅ ግን ዘር ብዬ አልሰጠሁትም፤ ተወሰደብኝ እንጂ። የሚበቅልበትንስ ወር ይነግሩኛል?»

ከዘመዶችዋ አንዱ ሊገሥጻት ቃጣው፤ እኛም ከለከልነው። የምንመልሰው አልነበረንምና ተቀመጥን።

በዚያች ሌሊት መጽሐፈ ኢዮብን አነበብን። ኢዮብ ወዳጆቹን ወደ እንስሳትና ወደ ሰማይ ወፎች ሂደው እንዲጠይቁ የተናገረውን (ኢዮ. 12፥7) ስለ ፍጥረት መምህርነት በሰበክን ቍጥር እንጠቅሰው ነበር። ቃሉን የተናገረው ማን እንደሆነና ለማን እንደሆነ ግን አላስተዋልንም ነበር። የተናገረው ልጆቹን የቀበረ አባት ነው፤ የተናገረውም ምሳሌ አዘጋጅተው ለመጡበት አጽናኞች ነው። በልዳዶስ አስቀድሞ ያለ ረግረግ ስለማይበቅል ደንገልና ስለ ሸረሪት ድር ነግሮት ነበር (ኢዮ. 8፥11-15)። ስለ ደንገሉ የተናገረው ሐሰት አልነበረም፤ ደንገል ውኃ ባጣ ጊዜ በእውነት ይደርቃል። ሐሰቱ ኢዮብን ከደንገሉ ጋር ማዛመዱ ነበር። ኢዮብ ራሱ ደግሞ ስለ ዛፍ ሲናገር፥ የተቈረጠ ዛፍ የውኃ ሽታ ባገኘ ጊዜ ዳግመኛ ለማቈጥቈጥ ተስፋ እንዳለው፥ ሰው ግን ከሞተ በኋላ ወዴት እንዳለ ይጠይቃል (ኢዮ. 14፥7-10)። ምሳሌው የሚያንስበትን ቦታ በጣቱ አሳየ ማለት ነው። ያች ያልተማረች እናትም ያደረገችው ይህንኑ ነበር። በመጨረሻ የእግዚአብሔር ቍጣ የነደደው በኢዮብ ላይ ሳይሆን በአጽናኞቹ ላይ መሆኑን (ኢዮ. 42፥7) ባነበብን ጊዜ መጽሐፉን አጥፈን ብዙ ሰዓት ተቀመጥን።

ከዚያ በኋላ የወንጌሉን ቃል እንደ ገና ተመለከትነው። ጌታችን የስንዴዋን ቅንጣት ምሳሌ አድርጎ የተናገረው አስቀድሞ ስለ ራሱ ነው፤ ሰዓቱ እንደ ደረሰ ባወቀ ጊዜ፥ ሊሞት ሳለ። ነፍሱን ማንም አልወሰደበትም፤ በፈቃዱ ሰጣት እንጂ። ስለዚህ ምሳሌው በአፉ እውነት ነበረ። ያች የ1977 ዓ.ም. ሴት «ዘር ነው» ባለች ጊዜም ቃልዋ እውነት ነበረ፤ ዋጋውን የከፈለችው ራስዋና ልጆችዋ ነበሩና። እኛ ግን ምንም ሳንሰጥ በሌላ ሰው ልጅ ላይ ተናገርነው። ቅዱስ ጳውሎስም ስለ ትንሣኤ ሙታን ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ስንዴን ከፊት አላስቀደመም፤ አስቀድሞ ክርስቶስ መነሣቱንና ያዩትን ምስክሮች ቈጠረ፤ ከዚያም ሙታን እንዴት ይነሣሉ ለሚል ጠያቂ የዘርን ነገር አመጣ (1ቆሮ. 15)። ተስፋችን በተከፈተው መቃብር ላይ የቆመ ነው። እኛ ለሐዘንተኛዋ መቃብሩን ሳንነግራት ስንዴውን ሰጠናት፤ እርስዋም ስንዴን ከእኛ ይልቅ ታውቅ ነበር።

አንድ ወዳጃችን ይህን ነገር ሰምቶ፥ በእስራኤል አገር ማሳዳ በተባለው አምባ ከፍርስራሽ ውስጥ ስለ ተገኘ የተምር ዘር ነገረን። ዘሩ 2,000 ዓመት ያህል በደረቅ ስፍራ ከኖረ በኋላ በ1997 ዓ.ም. ተተክሎ በቅሏል። «የሚበቅልበትን ወር ይነግሩኛል ላለችዎ መልሱ ይኸውልዎ» አለን። ነገሩ ድንቅ ነው፤ እኛም ደስ ብሎን ሰማነው፤ ልንነግራትም መንገድ ጀምረን ነበር። ከደጅዋ ስንደርስ ግን ዳግመኛ ምሳሌ ተሸክመን እንደ መጣን ታወቀንና ስለ ተምሩ ሳንናገር ሰላምታ ሰጥተን ተቀመጥን። እርስዋም ስለ ልጅዋ ስታጫውተን ዋለች፤ እኛም ሰማናት።

በሙት ዓመቱ ቀን በማለዳ ወደ ቤተ ክርስቲያን መጣች። በእጅዋ በንጹሕ ጨርቅ የተቋጠረ ስንዴ ነበር። «ለመገበሪያ ይሁንልኝ፤ እርሱ ከወፍ ሲጠብቀው ከነበረው ማሳ ዘር ተይዞ የተዘራ ነው» ብላ ለዲያቆኑ ሰጠችው። ዲያቆኑም ተቀብሎ ወደ ቤተ ልሔም ይዞት ገባ።