ሰባት ቀን በጢሮስ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ሲያትል ያለ ወንድሙን ወይም እህቱን ለመጠየቅ የሚሄድ ሰው በሻንጣው በርበሬና ሽሮ፣ በልቡ ደግሞ ሁለት ምኞት ይዞ ይሄዳል። አንደኛው ዘመዱን ዐይን ለዐይን ማየት ነው፤ ሁለተኛው አገር ማየት። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለቱ ተስማምተው ይኖራሉ፤ በሁለተኛው መጋፋት ይጀምራሉ። ማማው ላይ የሚወጣበት ቀን፣ በመርከብ ወደ ደሴቶቹ የሚሻገርበት ቀን፣ ገበያው የሚታይበት ቀን እየተባለ ሲመደብ፣ ቤት ቁጭ ብሎ ቡና እየጠጡ ለመጫወት የሚተርፈው ቀን እያነሰ ይሄዳል። የቤቱ ባለቤት የሆነው ዘመዱም ከሥራው ለምኖ ያገኛትን ጥቂት የዕረፍት ቀን መኪና እየነዳ ይጨርሳታል። ብዙ ሰው ይህን የፕሮግራም ጉዳይ አድርጎ ያልፈዋል። ለእኔ ግን ከሃይማኖትና ከፍልስፍና የቆዩ ጥያቄዎች አንዱ እዚህ ያለ ይመስለኛል፤ ሰው ዓለምን እየዞረ ማየቱ ለነፍሱ ምን ይጠቅማታል? የሚጠቅማትስ ከሆነ ከማን ጋር ሆኖ ሲያይ ነው?

በምዕራቡ ክርስትና ለዚህ ጥያቄ ከተሰጡት መልሶች በጣም የታወቀው የአውግስጢኖስ ነው። እርሱ ራሱ የወደብ ከተማ ጳጳስ ነበር፤ የሰሜን አፍሪካዋ የሂጶ። በ«ኑዛዜ» መጽሐፉ ዐሥረኛ ክፍል ሰዎች የተራራን ከፍታና የባሕርን ማዕበል ለማድነቅ ርቀው እየሄዱ የገዛ ውስጣቸውን ችላ በማለታቸው ያዝናል። ከዘጠኝ መቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ጣሊያናዊው ባለቅኔ ፔትራርካ በደቡብ ፈረንሳይ የሚገኘውን የቨንቱን ተራራ እንደ ወጣ በአንድ ደብዳቤው ጻፈ። ቀኑን አፕሪል 26፣ 1336 ይለዋል፤ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጫፍ ላይ ደርሶ ዙሪያውን ሲያደንቅ ቆየና የአውግስጢኖስን መጽሐፍ ቢገልጥ ያ ተግሣጽ ፊቱ መጣ። አፈረ፤ መጽሐፉን አጠፈ፤ ተራራውን ወርዶ እስኪጨርስም ቃል ከአፉ አልወጣም። ደብዳቤው የተጻፈው ከጉዞው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው የሚሉ ሊቃውንት አሉ፤ ለእኛ ነገር ግን ለውጥ አያመጣም። ደብዳቤውን የሚያነሡ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያመዛዝኑት ተራራውንና ነፍስን ነው፤ ውጭውን ማየት ይሻላል ወይስ ውስጥን? እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ሰው ነው። ፔትራርካ ብቻውን አልነበረም። ወዳጆቹን ሁሉ በልቡ መዝኖ በመጨረሻ ለጉዞው የመረጠው ታናሽ ወንድሙን ጌራርዶን ነበር። ጌራርዶ አጠገቡ ቆሞ ከመጽሐፉ ሊሰማ ይጠባበቃል፤ ትንሽ ሰምቶም ጨምርልኝ ይላል። የተሰጠው መልስ አትረብሸኝ የሚል ነው።

ታላቁ የውስጥ ብርሃን የተገኘው ወንድምን ዝም አሰኝቶ ነው ማለት ነው። እንግዲህ ተራራውን ያደነቀው ፔትራርካም፣ በማድነቁ ያፈረው ፔትራርካም በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ጌራርዶን አላዩትም። ለዚህ ነው ውጭ ወይስ ውስጥ የሚለው ክርክር ጎደሎ የሚሆንብኝ። ከተማን ለማየት መጓጓት ኃጢአት አይደለም፤ ዐይንን ጨፍኖ ወደ ልብ መመለስም ብቻውን ጽድቅ አይሆንም። የማየትን ዋጋ የሚወስነው ያየነው ነገር ለአጠገባችን ሰው ባለዕዳ አድርጎናል ወይስ አላደረገንም የሚለው ነው ብዬ አምናለሁ። ዘመድ ጥየቃና አገር ማየት ተጋፊዎች የሚመስሉን ዘመዱን ከሚታየው ነገር ውጭ ስለምናስቀምጠው ነው፤ ሾፌር፣ ፎቶ አንሺ፣ አልጋ ሰጪ አድርገን። የሚታየውን በእርሱ በኩል ስናይ ግን ከተማዋ ራሷ ሌላ ትሆናለች።

መጽሐፍ ቅዱስ በዚህ ነገር ላይ ከአውግስጢኖስ ይልቅ ሰፊ ነው። በሐዋርያት ሥራ ውስጥ ጳውሎስ ሁለት ታላላቅ ከተሞች ሲደርስ እንመልከተው። አቴና ላይ ሲላስንና ጢሞቴዎስን እየጠበቀ ነው፤ ዘመድም ወዳጅም አጠገቡ የለም። እየዞረ የሰዎቹን የአምልኮ ስፍራዎች አንድ በአንድ ይመለከታል፤ ለማይታወቅ አምላክ የተሠራውን መሠዊያም ያገኘው እንዲህ ሲመለከት ነው፤ ስብከቱንም የሚጀምረው ከእርሱ ነው። ዐይኑን አልጨፈነም፤ መመልከቱም አልተነቀፈም። ጢሮስ ላይ ደግሞ የሚወርደው መርከቡ ጭነቱን የሚያራግፈው እዚያ ስለሆነ ነው። ጢሮስ በሐምራዊ ቀለሟና በመልቃርት ቤተ መቅደሷ ዓለም የሚያውቃት ወደብ ነበረች፤ ጸሐፊው ግን ስለ አንዱም አይነግረንም። የሚነግረን ደቀ መዛሙርቱን ፈልገው እንዳገኟቸው፣ ሰባት ቀንም አብረዋቸው እንደ ተቀመጡ፣ ሲሄዱም ሚስቶችና ልጆች ሳይቀሩ ከከተማ ውጭ ድረስ እንደ ሸኟቸውና በባሕሩ ዳር ተንበርክከው እንደ ጸለዩ ነው። የባሕሩ ዳር በታሪኩ ውስጥ የገባው ሰዎች ስለተንበረከኩበት ነው። የእመቤታችን ማርያም ጉዞም እንዲሁ ነው። ወደ ኤልሳቤጥ እንድትሄድ መልአኩ አላዘዛትም፤ ዘመዷ በእርጅናዋ መፅነሷን ነግሯት ብቻ ተነሥታ በፍጥነት ወደ ተራራማው አገር ሄደች፤ ሦስት ወር ያህልም ተቀመጠች። ወንጌላዊው የከተማዋን ስም እንኳ አይነግረንም። በእስልምናም ሁለቱ ትእዛዞች ጎን ለጎን ይገኛሉ፤ ቁርኣን በምድር ላይ ተጉዞ ያለፉት ሕዝቦች መጨረሻ ምን እንደ ሆነ መመልከትን ደጋግሞ ያዛል፤ የዝምድናን ገመድ መቁረጥንም በብርቱ ያስጠነቅቃል። አንዱ ሌላውን አልሻረውም።

ወደ ሲያትል እንመለስ። በ1962 ለዓለም ኤግዚቢሽን የተሠራው ስፔስ ኒድል 184 ሜትር ይረዝማል። እዚያ ላይ ሆኖ ወደ ደቡብ ለሚያይ ሰው፣ ሰማዩ ጠርቶ ከሆነ፣ 4,392 ሜትር የሚደርሰው የሬይነር ተራራ በረዶ እንደ ለበሰ ይታየዋል፤ ከሥሩ የኤልየት ባሕረ ሰላጤ፣ ወዲያና ወዲህ የሚሉ ትልልቅ መርከቦች፣ ከዚያም የወደቡ ክሬኖችና የተደራረቡ ኮንቴይነሮች። ይህ እውነተኛ ውበት ነው፤ ማቃለል አይገባም። ነገር ግን ወደብ ውበቱ በሙሉ የሌላ ሰው ድካም የሆነ ቦታ ነው። ክሬኖቹ የቆሙበት ሃርበር አይላንድ ሰው አፈር ሞልቶ በ1909 የጨረሰው ደሴት ነው። አጠገቡ ወደ ባሕር የሚገባው የዱዋሚሽ ወንዝ ለመርከብ እንዲመች ተብሎ ጠመዝማዛነቱ የተቃና፣ በኋላም በፋብሪካ ዝቃጭ የተበከለ ነው፤ በ2001 የፌዴራሉ መንግሥት በአስቸኳይ መጽዳት ከሚገባቸው ቦታዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። ከተማዋ የተጠራችው በሱኳሚሽና በዱዋሚሽ ሕዝቦች አለቃ ስም ነው፤ በ1865 ግን የዚያችው ከተማ ሹማምንት ነባሮቹ ሕዝቦች በከተማዋ ውስጥ እንዳይኖሩ የሚከለክል ደንብ አወጡ። አለቃው ገና በሕይወት ነበር።

ኮንቴይነሩን ከወደቡ አውጥቶ ወደ መጋዘንና ወደ ባቡር ጣቢያ የሚወስደው ማነው? በጭነት መኪናዎቹ መሪ ላይ ከተቀመጡት መካከል ብዙዎቹ ከኢትዮጵያ፣ ከኤርትራና ከሶማሊያ የመጡ ናቸው። በ2012 መጀመሪያ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ የሲያትል ወደብ ሾፌሮች ለሁለት ሳምንት ያህል ሥራ አቁመው ነበር። አቤቱታቸው ለሩቅ ሰው ቀላል ይመስላል፤ የሚከፈላቸው በጭነት ነው፤ በር ላይ ተሰልፈው የሚያቃጥሉት ሰዓት አይቆጠርላቸውም፤ የመኪናው ጉድለትና ቅጣቱም ብዙ ጊዜ በእነርሱ ላይ ይወድቃል። በ2013 ደግሞ አየር ማረፊያው ያለባት የሲታክ ከተማ ለአየር ማረፊያና ለሆቴል ሠራተኞች ዝቅተኛውን ደመወዝ በሰዓት 15 ዶላር ለማድረግ በሕዝብ ድምፅ ወሰነች፤ ከሠራተኞቹም ብዙዎቹ የእኛው አካባቢ ልጆች ነበሩ። እንግዳው ሻንጣውን የተቀበለበት አየር ማረፊያ፣ ከማማው ላይ ፎቶ ያነሣው ወደብ፣ ሁለቱም ዘመዱ ወይም የዘመዱ ጎረቤት የሚያድርባቸው ቦታዎች ናቸው። ይህን ሁሉ መጽሐፍ አንብቦ ማወቅ ይቻላል ይባል ይሆናል፤ ይቻላል። ነገር ግን ያነበበ ሰው መጽሐፉን ሲያጥፍ ነገሩ አብሮ ሊታጠፍለት ይችላል። ወንድሙ ሌሊቱን በሰልፍ አሳልፎ ጠዋት ቤት የገባ ሰው ግን ክሬኖቹን እንደ ጌጥ ማየት አይሆንለትም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የመረጃ ብዛት አይደለም፤ ያወቁትን ነገር ችላ ማለት አለመቻል ነው።

እዚህ ላይ ጠንከር ያለ ተቃውሞ ይመጣል። ዘመድ ዐይንን ያጠባል እንጂ አያሰፋም የሚል። ዘመዱ ቤት የወረደ እንግዳ ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ ወደ ልደት ድግስ፣ ከድግሱ ወደ ሐበሻ ምግብ ቤት ሲመላለስ ሰንብቶ፣ የአገሩን ሰው ብቻ አይቶ ይመለሳል። ብቸኛ መንገደኛ ግን ማንም የማይከልለው ስለሆነ ሁሉን ያያል፤ ለማንም ስለማያዳላም በትክክል ይፈርዳል። በዚህ ውስጥ እውነት አለ፤ የጳውሎስ አቴናም የሚመሰክረው ይህንኑ ነው። ሆኖም ተቃውሞው ዘመድን የመንገዱ መጨረሻ አድርጎ ይወስደዋል። ጢሮስ ላይ ጳውሎስን የተቀበሉት በሥጋ ዘመዶቹ አልነበሩም፤ በእምነት ግን እንደ ዘመድ ሆኑለት። ዝምድና የሚጀምረው ከአጎት ልጅ ነው፤ የአጎት ልጅ ሰልፉ ላይ ከፊቱ የቆመውን ሶማሊያዊ ያውቃል፤ የመኪናውን ጎማ የሚጠግንለትን ሰው ያውቃል፤ ዱዋሚሽ ዳር የቆመውን ዓሣ አትብሉ የሚል ማስጠንቀቂያ ያውቃል። እንግዳው በዚያ በኩል ከገባ የሚደርስበት ቦታ ከማማው ላይ ከሚታየው ይሰፋል። የማያዳላ ዐይን የሚባለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ምንም የማይነካው ዐይን ነው፤ አለመነካትንና ፍትሕን አንድ አድርጎ ማየት የፈላስፎች የቆየ ስሕተት ይመስለኛል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከምእመናን ይመጣል። ፍጥረት በራሱ የፈጣሪውን ክብር ይናገራል፤ የሬይነርን በረዶ ለማድነቅ የአክስት ልጅ ማስፈቀድ የለብኝም፤ ውበትን የዕዳ ደብተር ማድረግ ምስጋናን መግደል ነው። ይህን በአክብሮት እቀበላለሁ፤ ተራራውም ከማንም ሳይዋስ ያምራል። ግን አድናቆት በተፈጥሮው አንድን ሰው ጠርቶ «ና፣ እየው!» ማለት ይፈልጋል። መዝሙረኛው ዳዊት እንኳ ሰማይና ምድርን ሲያደንቅ ሌሎችን ለምስጋና ይጠራል። አድናቆቴ አጠገቤ ያለውን ሰው የሚያስረሳኝ ከሆነ ወደ ፈጣሪ ሳይደርስ መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ ያስቸግረኛል። ዘመድ ኑሮውን ማሳየት አይፈልግ ይሆናላ! ገመናውን ደብቆ፣ የተከራየውን መኪና አጥቦ፣ እንግዳውን ወደ ማማውና ወደ ፓይክ ፕሌስ ገበያ የሚወስደው ተከብሮ ለመታየት ነው። የሌሊት ፈረቃውን፣ የጋራ መኝታ ቤቱን፣ የወር ክፍያውን እንግዳው ልይ ቢል ማዋረድ ይሆናል። እውነት ነው፤ በፍቅር ስም የሚደረግ ምርመራ አለ፤ ከቱሪስት ዐይን የከፋም ነው። ስለዚህ እኔ የምለው ዕዳ የባለቤቱን ጓዳ መበርበር አይደለም። ባለቤቱ ሊያሳይ የመረጠውን ነገር ለምን እንደ መረጠው ማስተዋል ነው። እርሱ ራሱ ለዓመታት ከሥሩ እየነዳ ያለፈበትን ማማ የሚወጣው ብዙ ጊዜ እንግዳ ሲመጣለት ብቻ ነው፤ ለራሱ ትኬት መቁረጥን እንደ ቅብጠት ስለሚቆጥረው። እንግዳው ሳያውቀው ለባለቤቱ የዕረፍት ፈቃድ ይዞለት መጥቷል። ይህን የተረዳ እንግዳ ከመጀመሪያው «የት የት ታሳየኛለህ?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ «አንተስ ልታየው እየፈለግህ ያላየኸው የቱን ነው?» ይላል። መልሱ ማማው ሊሆን ይችላል፤ ተራራውም ሊሆን ይችላል። ምናልባትም ወደ ቤይንብሪጅ ደሴት የሚያሻግረው መርከብ ይሆናል፤ ጉዞው 35 ደቂቃ ያህል ነው፤ መርከቡን የሚነዳው ሌላ ሰው ስለሆነ ባለቤቱ ዘወር ብሎ የሚሠራበትን ወደብ ከውሃው በኩል ሊያየው፣ ከፈለገም ስለ ሥራው ሊያወራ፣ ካልፈለገም ዝም ሊል ይችላል።