የቤታችን በር ለማን ይከፈታል?



ቻይናውያን የቤታቸውን አቀማመጥ የሚመርጡበት ጥንታዊ ልማድ ፌንግ ሹዊ ይባላል፤ ትርጓሜውም «ነፋስና ውኃ» ነው። የፊቱ በር ከጓሮው በር ጋር ፊት ለፊት ቢገጥም ሀብት ሾልኮ ይወጣል ይላል፤ መፍትሔውም በመካከል መከለያ ማቆም ነው።

ስሟ ነፋስን በሚያስታውሰው በጋይንቷ ንፋስ መውጫ የሚኖር ሰው በሩን ከብርድ ቢያዞር አስተዋይነት ነው። ክፉ እንዳይገባ ብሎ በመቃኑ ላይ ክታብ ቢሰቅል ግን ተስፋውን ከፈጣሪ ወደ ፍጡር አዞረ። በ1992 እ.ኤ.አ. የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም በቁጥር 2117 ክታብ ማሰርን ይነቅፋል።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 ያለው ባለጸጋ የደጁ አቅጣጫ አልተነቀፈበትም፤ ያስፈረደበት፣ አልዓዛር በደጁ ወድቆ ሳለ አለመራራቱ ነው። እንግዲህ በራችንን ለድኻ እንክፈት፤ ከድኻው ጋር ክርስቶስ ራሱ ይገባልና። አሜን።