ለጠያቂው ምን ይመልስ?

የሱዳን ጦርነት ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በትንሣኤ ዋዜማ፣ ከተጀመረ ወዲህ ከገላባት ወደ መተማ ዮሐንስ የተሻገረውን ስደተኛ ብዙዎቻችን አይተነዋል። ስምህ ማነው? ከየት መጣህ? ሲባል እውነቱን ይናገር እንላለን፤ ሳይመዘገብ መጠለያ አያገኝምና። ጭንቁ «ማን አሻገረህ? ከማን ቤት አደርህ?» ሲባል ነው። ያስጠለለችውን እናት ስም ቢጠራ ጣጣው ለእርሷ ይተርፋል። ታዲያ ይዋሽ? ረዓብ ሰላዮቹን ደብቃ «ሄደዋል» ማለቷን እያነሣን በጉባኤያችን ብዙ ተከራክረናል፤ ገና አልተስማማንም። ዝም ማለት ግን ውሸት አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ላለመናገር መብት እንዳለው፣ የሚሰጠው ቃል በፍርድ ቤት ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብበት እንደሚችልም በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው እንደሚገባ ይደነግጋል። ከመካከላችን ዓረብኛ የሚያውቁ ለማስተርጐም ተጠርተው ነበር፤ ያስተረጐሙት ጥያቄውን ብቻ ነው።